ሦስት ቀን በጅቡቲ፦ ከቦታው ይልቅ ሰዓቱን አቅዱ

ለመጀመሪያ ጊዜ ጅቡቲ የገባሁት አርብ ቀን፣ ልክ በቀትር ነበር። ሻንጣዬን ሆቴል ጥዬ "እስቲ ከተማዋን ልያት" ብዬ ወጣሁ። ሱቁ ዝግ፣ ካፌው ዝግ፤ የታክሲ ሹፌሮች እግራቸውን በመስኮት አውጥተው መኪናቸው ውስጥ ተኝተዋል። ከእኔ ሌላ የሚንቀሳቀስ ፍጡር ቢኖር በአንድ ፒክአፕ ጥላ ስር ካርቶን የምታኝክ ፍየል ብቻ ነበረች። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላኝ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ተመለስኩ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ያው ጎዳና በሰው ተሞልቶ መተላለፊያ አጣሁ።

ጅቡቲ ትንሽ ከተማ ናት፤ የሚታዩ ቦታዎቿን ለመዘርዘር ግማሽ ገጽ ይበቃል። ጎብኚን የሚያሞኘው ሰዓቱ ነው። ጠዋት ትሠራለች፣ ከቀትር እስከ አስር ሰዓት ትተኛለች፣ ከዚያ እስከ እኩለ ሌሊት ትኖራለች። የሚከተለው ከአዲስ አበባ ለሚነሳና ሦስት ሙሉ ቀን ላለው ሰው የተዘጋጀ ነው። ሰዓቱን ሁሉ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ላይ ታዩታላችሁ።

1. መጀመሪያ ወሩን ምረጡ

ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ። በእነዚህ ወራት የቀኑ ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፣ ማታ ነፋሻማ ነው፣ በእግር መሄድ ይቻላል። ከግንቦት እስከ መስከረም ግን ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ በታች የማይወርድበት ቀን ብዙ ነው። በዚህ የሙቀት ወቅት መሃል ካምሲን የሚሉት አሸዋ የተሸከመ ትኩስ ንፋስ ይነሳል፤ ፊት ላይ ሲያርፍ የምድጃ በር እንደመክፈት ነው። ለሥራ ካልሆነ በቀር በዚያ ወቅት አትሂዱ፣ የሆቴል ዋጋ ቢቀንስም።

ቀኑን ከመቁረጣችሁ በፊት የረመዳንን መግቢያ ተመልከቱ። የእስልምና የዘመን አቆጣጠር በፈረንጆቹ ላይ በየዓመቱ 10 ወይም 11 ቀን ስለሚቀድም፣ አሁን ባለንባቸው ዓመታት ረመዳን የሚውለው በጥሩው ወቅት ውስጥ ወይም ጠርዙ ላይ ነው። በጾሙ ቀን ምግብ ቤቶች አብዛኞቹ ይዘጋሉ፣ መንገድ ላይ ውሃ መጠጣትም ነውር ነው። የማታው ድባብ ግን ደስ ይላል። ለሦስት ቀን ጉዞ ግን ቀን ላይ ምሳ ፍለጋ መንከራተት ስለማያዋጣ ሌላ ጊዜ ምረጡ።

የሳምንቱ ቀንም ይቆጠራል። የሥራ ሳምንታቸው ከእሁድ እስከ ሐሙስ ነው፤ የሚያርፉት አርብና ቅዳሜ። እኔ የምመክረው ረቡዕ ማታ ገብታችሁ ሐሙስን ለከተማዋ፣ አርብን ለአሳል ሐይቅ፣ ቅዳሜን ለባሕር አድርጋችሁ እሁድ መመለስ ነው። አርብ ሱቅ ስለሚዘጋ ከከተማ ብትወጡ የሚቀርባችሁ ነገር የለም፤ ቅዳሜ ደግሞ የከተማው ነዋሪ ራሱ ወደ ደሴቶቹ ስለሚሄድ ጀልባ ተጋርቶ መሄድ ይቀላል።

2. ወረቀቶቹን አሟሉ

ጅቡቲ የኢንተርኔት ቪዛ ትሰጣለች። ማመልከቻው በመንግሥቱ የኢ-ቪዛ ድረ ገጽ ላይ ይሞላል፤ የፓስፖርት ቅጂ፣ የደርሶ መልስ ቲኬትና የማረፊያ ማስረጃ ይጠየቃል። ፓስፖርታችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የሚያገለግል ይሁን። ቪዛው ሲመጣ በወረቀት አትሙት፤ ስልክ ባትሪ የሚጨርሰው ሁልጊዜ ሰልፍ ላይ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድም ያዙ። ኢትዮጵያ በሽታው ካለባቸው አገሮች መካከል ስለምትቆጠር ከእኛ ለሚሄድ ሰው ይጠየቃል። ክትባቱ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መወሰድ አለበት።

በውጭ አገር ፓስፖርት የምትጓዙ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ሄዳችሁ የምትመለሱ ከሆነ የኢትዮጵያ ቪዛችሁ ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆን አለበት፤ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ስትወጡ አበቃ። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያለው ሰው ይህ አያሳስበውም። (መታወቂያውን በተለምዶ ቢጫ ካርድ ስለምንለው ከክትባቱ ቢጫ ካርድ ጋር የሚያምታታ አለ። ሁለቱም ይያዙ።)

3. በአውሮፕላን ወይስ በባቡር?

በአውሮፕላን ከቦሌ አምቡሊ አየር ማረፊያ አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። አምቡሊ ከመሃል ከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ስለሚርቅ ከወረዳችሁ በኋላ ብዙ አትደክሙም።

ባቡሩ ሌላ ታሪክ ነው። ከፉሪ ለቡ ተነስቶ በአዳማ፣ በአዋሽ፣ በሚኤሶና በድሬዳዋ አድርጎ፣ ድንበሩን ደወሌ ላይ ተሻግሮ፣ በአሊ ሳቢህ በኩል ነጋድ ጣቢያ ይደርሳል፤ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ። የኤሌክትሪክ መስመሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ተመርቆ በ2018 መደበኛ አገልግሎት ጀመረ። በየቀኑ የሚነሳ ባቡር ስላልሆነና መርሃ ግብሩም ስለሚቀያየር ጉዞው በሚደረግበት ሳምንት ጣቢያ ደውላችሁ ወይም ሄዳችሁ አረጋግጡ። ሁለቱም ጣቢያዎች ከከተማ ውጭ ናቸው፤ ለታክሲ የምታወጡትን ቀድማችሁ አስሉ። ጉዞው ቀኑን ሙሉ ይወስዳል፣ የድንበሩ ፍተሻም የራሱ ሰዓት አለው።

ያም ሆኖ ጊዜ ያለው ሰው በባቡር ሄዶ በአውሮፕላን ይመለስ እላለሁ። ከአዋሽ በኋላ መሬቱ ቀስ በቀስ ሲደርቅ፣ ከድሬዳዋ ወዲያ ግራር ራሱ ሲሳሳ፣ የደጋው ልብስ በየጣቢያው ከትከሻ እየወረደ ሲሄድ ማየት የትም አይገኝም። የድሮው የፈረንሳይ ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ለገሃር የምንለው ቃል ራሱ ጣቢያ ማለት ነው፣ በፈረንሳይኛ፤ የዚያ ሐዲድ ሌላኛው ጫፍ ጅቡቲ ነበር።

4. ገንዘብ

የጅቡቲ ፍራንክ በቋሚ ዋጋ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፦ እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው። ስለዚህ "ዛሬ ስንት ገባ?" ብላችሁ አትጨነቁ። ለጭንቅላት ስሌት ሺህ ፍራንክ አምስት ዶላር ተኩል አለፍ ይላል ብላችሁ ያዙት።

ዶላሩን ከአገር ቤት ባንክ ለመግዛት ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። መጠኑንና ይዞ መውጣት የሚፈቀደውን እዚያው ጠይቁ፣ መመሪያው ይለዋወጣልና። ጅቡቲ ስትደርሱ መሃል ከተማው ላይ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሴቶች ታያላችሁ፤ ገንዘብ መንዛሪዎች ናቸው። ዶላርም፣ ዩሮም፣ የእኛንም ብር ያውቃሉ። መጀመሪያ ስታዩ ነገሩ የጥቁር ገበያ ይመስላችኋል፤ እዚያ ግን ፀሐይ እያየው የሚሠራ የቆየ ሙያ ነው። ለብር የሚሰጡት ዋጋ ዝቅ ስለሚል ዶላር ይዞ መሄድ ይሻላል። ካርድ የሚሠራው ትልልቅ ሆቴልና አንዳንድ ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው፤ ታክሲና ዓሣ ቤት በጥሬ ገንዘብ ብቻ። ሳንቲም እንዳይጠፋባችሁ፤ የሚኒባስ ረዳት ለአምስት ሺህ ፍራንክ መልስ የለውም።

ከተማዋ ውድ ናት። ምግቡ ከሞላ ጎደል ከውጭ የሚገባ ነው፤ ቲማቲሙ ከእኛው አገር ተጭኖ የሄደ ሊሆን ይችላል። ትልቁ ወጪ ሆቴል ነው፣ ቀጥሎ ለሐይቁ የምትከራዩት መኪና።

5. ማረፊያ

ለሦስት ቀን መሃል ከተማውን አትልቀቁ። የድሮው የፈረንሳይ ሰፈር፣ ሜኔሊክ አደባባይ አካባቢ፣ በእግር ሁሉንም ያደርሳል። ወደ ኤሮን የሚወስደው የባሕር ዳርቻ ሰፈር ጸጥ ያለና ውድ ነው። ከከተማው ዳር ባለው ሰፈር፣ ባልባላ፣ ርካሽ ክፍል ይገኛል፤ ግን ለታክሲ የምታወጡት ትርፉን ይበላዋል።

ክፍል ስትይዙ ስለ ቁርስ አትጠይቁ። ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ኤሲው በእያንዳንዱ ክፍል ነው ወይ፣ መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ኤሲውንም ያስነሳል ወይስ አምፖሉን ብቻ፣ መስኮቱስ ወደ የትኛው መንገድ ነው። ሁለተኛውን ሳልጠይቅ ገብቼ አንዱን ሌሊት እርጥብ ፎጣ ደረቴ ላይ ዘርግቼ አድሬያለሁ። ሦስተኛውን የምለው በመሃል ከተማው ያለው የኢትዮጵያ ጎዳና (ስሙ እንዲህ ነው) ማታ ማታ ቡና ቤቱና ሙዚቃው ስለሚበዛ ነው፤ የእኛን አገር ዘፈን እስከ ንጋት መስማት የሚፈልግ እዚያ ይያዝ።

ትንኝ መከላከያ ቅባት አትርሱ። ጅቡቲ በረሃ ናት ብሎ ወባ የለም የሚል ብዙ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 እዚያ የተገኘች፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ዝርያ የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትራባለች። ዴንጊም አለ። የቧንቧው ውሃ ጨው ጨው ስለሚል ለመጠጥ የታሸገ ግዙ።

6. የቀኑን ቅርጽ ያዙ

ከቀኑ ስድስት ሰዓት አልፎ ሰባት ሲቃረብ ከተማዋ ውስጥ አንድ ነገር ይለወጣል። መኪኖች በድንገት ይፈጥናሉ፣ ጥሩምባ ይበዛል፣ ሴቶች በየጥግ ጠረጴዛቸውን ያስተካክላሉ። ጫት ደረሰ ማለት ነው። በየቀኑ ከሐረርጌ ተጭኖ የሚሄደው ጫት በእርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ ይቀርባል፣ ሰውም ምሳውን በልቶ ወደ መቃሚያው ይገባል። እስከ አስር ሰዓት ሱቅ የለም፣ ቢሮ የለም፣ ታክሲም ቢሆን በልመና ነው። ስለዚህ ሲም ካርድ፣ ምንዛሬ፣ የመኪና ኪራይ ውል፣ የጀልባ ቀጠሮ ያላችሁ ጠዋት ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ጨርሱ። የሲም ካርዱ ነገር አያማርጥም፤ የአገሩ የቴሌኮም አገልግሎት ሰጪ አንድ ነው፣ ጅቡቲ ቴሌኮም፤ ፓስፖርት ይዛችሁ ሂዱ። ቀትሩን ተኙበት። እንቅልፍ ባይወስዳችሁም በአልጋ ላይ ሁኑ።

አሁን ስለ ሰዓት አቆጣጠሩ። የጅቡቲና የእኛ ሰዓት አንድ ነው፣ የሚለየው አጠራሩ ነው፤ እነሱ በፈረንሳይኛ 13 ሰዓት የሚሉት የእኛ ሰባት ነው። ችግር የሚመጣው ሹፌሩ አማርኛ የሚችል ሲሆን ነው፣ ብዙዎቹ ደግሞ ይችላሉ። "ጠዋት አምስት ሰዓት እመጣለሁ" ሲላችሁ የፈረንጁን አምስት ሊሆን ይችላል፣ ማለትም የእኛ ከሌሊቱ 11። ሁልጊዜ "ፀሐይ ሳትወጣ ነው ወይስ ከወጣች በኋላ?" ብላችሁ ጠይቁ።

7. ሐሙስ፦ ከተማዋ

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሜኔሊክ አደባባይ ጀምሩ። አደባባዩ በይፋ የሚጠራው ነፃነታቸውን ባገኙበት ቀን፣ በጁን 27 ቀን 1977 ነው፤ ሰዉ ግን ዛሬም ሜኔሊክ ይለዋል። ዙሪያውን ቅስት በረንዳ ያላቸው ነጭ ሕንፃዎች ከበውታል። በረንዳዎቹ ለጌጥ አይምሰሏችሁ፣ ከጥግ እስከ ጥግ ጥላ ውስጥ ለመሄድ የተሠሩ ናቸው፤ እናንተም ተጠቀሙባቸው። ቡናና ባጌት አዝዛችሁ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ።

ከዚያ ወደ ሐሙዲ መስጊድ ውረዱ። እ.ኤ.አ. በ1906 የተሠራ ነው፤ ሰፊ ክብ የሚመስል ሚናራው የከተማዋ ምልክት ሆኗል። ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ የነፃነት ታጋዩን የማሕሙድ ሐርቢን ስም ይዟል፤ ቀድሞ የሚጠራው በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ነበር፣ ሐረር ቤቱን በምናውቀው፣ ለምኒልክም ጠመንጃ ይዞ ከታጁራ በመጣው። ከመስጊዱ ጀርባ ገበያው ይጀምራል፦ ሽርጥ፣ ዲራ፣ ሽቶ፣ ዕጣን፣ ከእኛ የሄደ በርበሬ። በአማርኛ ዋጋ ብትጠይቁ በአማርኛ ይመለስላችኋል፤ ያ ማለት ዋጋው ይቀንሳል ማለት አይደለም። በሶማልኛ "ዋ ኢሚሳ?" ማለት ስንት ነው ማለት ነው፣ ምስጋናው "ማሐድሰኒድ"፤ ለአፋር ነጋዴ "ገዳ ጌ" ብትሉት ደግሞ ፊቱ ይፈታል። መንግሥት የሚሠራበት ፈረንሳይኛና ዐረብኛ ነው።

አምስት ሰዓት ሲሆን ግቡ። አስር ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሌስካል፣ ወደ ትንሹ የጀልባ ወደብ ውጡ፤ ቅዳሜ የምትሄዱበትን ጀልባ አይታችሁ ቀጠሮውን አጥብቁ። ወደ ማታ ደግሞ ሲየስታ ዳርቻ ላይ ሕፃናት ኳስ ይጫወታሉ፣ ቤተሰብ ምንጣፍ ዘርግቶ ይቀመጣል። ማዕበሉ ሲሸሽ ባሕሩ በጣም ርቆ ጭቃ ብቻ ስለሚቀር ለዋና አትሂዱበት።

እራት የየመን ዓሣ ነው፣ በዚህ ላይ ድርድር የለም። ስትገቡ ዓሣውን በበረዶ ላይ ታያላችሁ፣ በጣት ታሳያላችሁ። ሰውዬው ከጀርባው ይሰነጥቀውና እንደ መጽሐፍ ይከፍተዋል፣ ቀይ ቅመም በብሩሽ ይቀባዋል፣ ከዚያ ረጅም ብረት ላይ አድርጎ እንደ ጉድጓድ ጥልቅ ወደሆነው የሸክላ ምድጃ ይሰድደዋል። በዚያው ምድጃ ግድግዳ ላይ ቂጣው ይለጠፋል። አሥር ደቂቃ አይሞላም፦ ዳሩ ያረረ፣ መሃሉ ነጭና እርጥብ የሆነ ዓሣ ወረቀት ላይ ይመጣል፣ ከትሪ የሚሰፋ ቂጣ አብሮ። በእጅ ነው የሚበላው። መጨረሻ ላይ ሙክባዛ እዘዙ፤ ቂጣው ከሙዝ ወይም ከተምር ጋር ተፈትፍቶ ማር የፈሰሰበት ነው፣ የእኛ ጭኮ ዘመድ ይመስላል።

8. አርብ፦ አሳል ሐይቅ

መኪናውን ሐሙስ ጠዋት ተዋዋሉ። ዋጋው ለመኪናው እንጂ ለሰው አይደለም፣ ስለዚህ አራት ሆኖ መሄድ ያዋጣል። ነዳጁ፣ የሹፌሩ ምሳና የማቆያው ጊዜ ውስጥ መሆኑን አፋችሁን ሞልታችሁ ጠይቁ፤ ትርፍ ጎማውንም በዓይናችሁ እዩት።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሱ። መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሁለት ሰዓት። ከከተማ ስትወጡ ፔካ 12 በሚባለው ሰፈር የተሰለፉት ከባድ መኪኖች ታርጋቸው ኢትዮጵያ ነው፤ የሻይ ቤቶቹ ቋንቋም አማርኛና ኦሮምኛ ነው። የገቢና ወጪ ንግዳችን ከሞላ ጎደል በዚህ መንገድ ነው የሚያልፈው፤ ፍሪጃችሁም ዘይታችሁም እዚህ አቧራ ጠጥቶ ነው ቤታችሁ የገባው። ከዚያ ወደ ታጁራ በሚታጠፈው መንገድ ስትሄዱ ጥልቅ ሸለቆ፣ ቀጥሎም የጉቤት ባሕረ ሰላጤ ከላይ ይታያል፤ ሁለቱም ጋ መኪናውን አስቁሙ።

አሳል ከባሕር ጠለል በታች 155 ሜትር ላይ ነው፣ የአፍሪካ ዝቅተኛው ቦታ። ከዳሎል ሜዳ እንኳ ይዘቅጣል። ጉቤት ያለው የባሕር ውሃ በእሳተ ገሞራው ዓለት ስንጥቅ እየሠረገ ወደ ሐይቁ ይወርዳል፣ ፀሐይ ውሃውን ታተናለች፣ ጨው ይቀራል። ውሃው ከተራ ባሕር አሥር እጥፍ ገደማ ጨዋማ የሆነው ለዚህ ነው። በመካከል ያለው ጥቁር የላቫ ሜዳ አርዱኮባ ነው፤ መጨረሻ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1978፣ የዛሬ ሃምሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው።

ዳር ላይ ስትደርሱ ነጩ እንደ በረዶ ያምራል። በባዶ እግር አትግቡበት፤ የጨው ቅርፊቱ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ይቆርጣል። ውሃ ውስጥ የሚገባ ጫማ ያዙ። በጀርባ ተኝታችሁ ብትለቁት ውሃው ራሱ ያነሳችኋል፣ በሆድ ግን አትሞክሩ፤ ዓይን ከገባ የዕለቱ ጉብኝት አበቃ። ወንዶች፣ የዚያን ዕለት ጠዋት ፂም አትላጩ። ስትወጡ ቆዳችሁ ላይ ነጭ ዱቄት ስለሚደርቅ ለመለቃለቂያ ለአንድ ሰው አምስት ሊትር ያህል ውሃ መኪናው ላይ ይኑር። የአፋር ልጆች ውሃው ራሱ ያንከባለለውን፣ እንደ ዶቃ የተድቦለቦለ ጨው ይሸጣሉ፤ ከከተማው ስጦታ ሁሉ ይሻላል። አባቶቻቸው ይህንኑ ጨው በግመል ጭነው ወደ ደጋው ሲወጡ የኖሩ ናቸው።

ለመጠጥ የሚሆን ውሃም ትርፍ ያዙ፣ ለራሳችሁ ብቻ አይደለም። በዚህ መንገድ ዳር ጀሪካን አንጠልጥለው በእግራቸው ወደ ኦቦክ የሚሄዱ ወጣቶች ታያላችሁ፤ ከእኛ አገር የተነሱ፣ ባሕሩን ተሻግረው የመን ለመግባት የሚጓዙ ናቸው። እኔ በሄድኩበት ጊዜ ሹፌሩ ሳልጠይቀው ፍጥነቱን ቀነሰና በመስኮት ሁለት ጠርሙስ አቀበለ። ከዚያ በኋላ እስክንመለስ ብዙ አላወራንም።

እስከ አምስት ሰዓት ከሐይቁ ተነሱ። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሙቀት ጨዋታ አይደለም።

አቤ ሐይቅስ? የአዋሽ ወንዛችን መጨረሻ እሱ ነው፣ ከሜዳ የበቀሉ የኖራ ድንጋይ ጭስ ማውጫዎቹም ለማየት ያጓጓሉ። ግን ከከተማው ይርቃል፣ መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ ውበቱም ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ካምፕ ማደር ይፈልጋል። አራተኛ ቀን ያለው ይሂድ። ሁለቱንም ሐይቅ በአንድ ቀን አሳያችኋለሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ቀኑን በመኪና ወንበር ላይ ነው የሚያሳልፋችሁ።

9. ቅዳሜ፦ ባሕሩ

በጥቅምት መጨረሻና በጥር መካከል ከሄዳችሁ ምርጫው አንድ ነው፦ ዌል ሻርክ። ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ሲሆን ሰው አይነካም፤ ምግቡ በአብዛኛው ጥቃቅን የባሕር ፍጥረት ነው። ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ አርታ ዳርቻ አካባቢ የሚመጡት በአብዛኛው ታዳጊዎች ናቸው፣ አራት አምስት ሜትር። የምትከራዩት መነጽር ፊታችሁ ላይ እንደሚገጥም ጀልባው ሳይነሳ ሞክሩት፤ ውሃ የሚያስገባ መነጽር ገንዘባችሁን ነው ውሃ የሚያስበላው። ከዓሣው ሦስት ሜትር ያህል ራቁ፣ ከፊቱ አትቁሙ፣ አትንኩት። ዋና የማትችሉ ሕይወት አድን ጃኬት ለብሳችሁ ከጀልባው አጠገብ መንሳፈፍ ይበቃችኋል፤ ጀርባው ላይ ያሉት ነጭ ነጠብጣቦች ከላይም ይታያሉ።

በሌላ ወቅት ከሆነ ሙሻ ደሴት ሂዱ። ከሌስካል በጀልባ አንድ ሰዓት አይሞላም። ጥላ ብዙም ስለሌለ ኮፍያ፣ ምግብና ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፤ የመመለሻው ሰዓት ከመነሳታችሁ በፊት ይቆረጥ።

10. ካሜራችሁን ከየት እንደምትመልሱ

አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ ጃፓን፣ ጣሊያንና ቻይና የጦር ሰፈር ያላቸው ከተማ ናት። ወደቡን፣ አየር ማረፊያውን፣ ወታደርን፣ የመንግሥት ሕንፃን ፎቶ አታንሱ፤ ከጀልባ ላይ ሆናችሁ የወደቡን ክሬን ማንሳትም እንደዚያው ነው። ጫት የሚሸጡትን ሴቶች ሳትጠይቁ ብታነሱ ደግሞ ከፖሊስ በፊት እነሱ ይደርሱባችኋል። ፓስፖርታችሁን ከነመግቢያ ማኅተሙ ይዛችሁ ውጡ፤ ወረቀት የሌላቸው ወገኖቻችን ስለሚበዙ ኢትዮጵያዊ መሆናችሁ ከታወቀ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። ልብስ ቀለል ያለ፣ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ይሁን፤ የዋና ልብስ ለጀልባና ለሆቴል ገንዳ ነው። ቢራ ሆቴልና ቡና ቤት ይገኛል፣ ዋጋው ግን ሁለተኛውን እንዳታዝዙ ያደርጋል።

ታክሲ ሜትር የለውም። አረንጓዴና ነጭ ቀለም ያላቸው ናቸው፤ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋ ተነጋገሩ፣ ከመሸ በኋላ እንደሚጨምርም ያዙት። የሆቴላችሁን ጥበቃ "ከዚህ እዚያ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ከማንኛውም የስልክ መተግበሪያ ይበልጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ የሚመጣው በአማርኛ ነው።

11. እሁድ፦ መመለሻ

እሁድ ጠዋት የሥራ ቀን ስለሆነ ሁሉም ክፍት ነው። የቀራችሁን ፍራንክ እዚያው መንዛሪዎቹ ጋ ወደ ዶላር መልሱት፤ አገር ቤት ደርሳችሁ የሚቀበላችሁ ማግኘት ከባድ ነው። ሳንቲሙን ማንም አይመነዝረውም። እኔ ያለኝን ቆጥሬ አየር ማረፊያ ከመግባቴ በፊት ከመንገድ ዳር ሴት ሳምቡሳ ገዛሁበት፤ ሰባት ሳምቡሳ ሆነ፣ ሦስቱን እሷው መርቃ ነው።